ከጋፋት ምድጃ እስከ መገጣጠሚያ ፋብሪካ፦ የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ዕድገትና የሙያ ትምህርት

1. መግቢያ

በማደግ ላይ ያለ አንድ አገር የተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ አቋቁሟል የሚባለው መቼ እንደሆነ መወሰን የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ብዙውን ጊዜ መለኪያ ሆኖ የሚቀርበው ከፋብሪካ በር የሚወጣው የመኪና ብዛት ነው። ብዛቱ ጠቃሚ መረጃ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ መኪናው የተሠራው ከየት በመጣ ዕቃ እንደሆነ፣ የሠራው ሰው ያወቀው ምን ያህል እንደሆነ፣ ፋብሪካው ነገ ቢዘጋም በአገሩ የሚቀረው ምን እንደሆነ አይናገርም። ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች ዋናው ጉዳይ ግን ይህ የመጨረሻው ነው። ምርት ይሸጣል፣ ያረጃል፣ ይጣላል፤ ዕውቀት ግን በሰው ላይ ካደረ ሌላ ምርት ይወልዳል።

ደብረ ታቦር በመኪና ፋብሪካ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። ሆኖም በአገሪቱ ከባድ ብረታ ብረት አቅልጦ፣ መንኰራኵር ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ የራስን መሣሪያ በራስ ለመሥራት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች ሁሉ ስሙ የገነነው የተካሄደው በዚችው ከተማ አጠገብ፣ በጋፋት ነው። የዚያ ሙከራ ስኬትና መቋረጥ በኋላ ዘመን ስለ ተቋቋሙት የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ለማሰብ የሚረዳ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የጋፋት ሙከራ፣ ቀጥሎም የመኪና ሙያ በኢትዮጵያ የተስፋፋበት መንገድና የመገጣጠም ሥራ ደረጃዎች ይብራራሉ። በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ሥራ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይቀርባል።

2. የጋፋት ሙከራ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ኮረብታማ ሥፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ማኅበር የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ያሰፈሩት በዚህ ቦታ ነበር። ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ይገኙበታል። ከማኅበሩ ውጪ የነበሩት ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በሥራው ተካፋዮች ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የማኅበሩ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለመስበክና በእጅ ሥራቸው ለማገልገል እንጂ መድፍ ለመሥራት አልነበረም፤ መድፍ የማቅለጥ ልምድም አልነበራቸውም። ንጉሡ ሥራውን ሲያዟቸው እንደማያውቁት ቢናገሩም ትእዛዙ አልተነሣም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃውና ቅርጽ ማውጫው ተሻሽሎ ሥራው በተደጋጋሚ ከተሞከረ በኋላ ግን ተሳካ። እንግዲህ ጋፋት ከውጭ ያለቀ ዕውቀት የተተከለበት ሥፍራ ብቻ ሳይሆን፣ የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን በአንድነት እየሞከሩ የተማሩበት ቦታ ነበር ማለት ይቻላል። ወጣት ኢትዮጵያውያንም ፊደልና የእጅ ሙያ እንዲማሩ በዚያው ተመድበው ነበር። ጋፋት በሙያ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ የገነነው በክሪሚያ ጦርነት በታወቀችው ወደብ ስም «ሴባስቶፖል» ተብሎ የተጠራው የነሐስ መድፍ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን (70 ኩንታል) ይገመታል። የተሽከርካሪን ታሪክ ለሚከታተል ሰው ግን ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀው መጓጓዣው ነው። በዚያ ዘመን በደጋው አገር ጭነት የሚጓጓዘው በአጋሰስና በሰው ትከሻ ነበር፤ በመንኰራኵር የሚሄድ የጭነት ጋሪ የተለመደ አልነበረም። ሴባስቶፖልን ለማንቀሳቀስ ከባድ ጋሪ መሥራት፣ ጋሪው የሚሄድበትንም መንገድ መጥረግ ግዴታ ሆነ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ስድስት ወር ያህል በፈጀው ጉዞ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እየናዱ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ጠመዝማዛ መንገድ እያወጡ፣ መድፉን በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ጎተቱት። ንጉሡም ራሳቸው በመንገዱ ሥራ በእጃቸው ይሠሩ እንደነበር የዘመኑ ታዛቢዎች መዝግበዋል። ተሽከርካሪ ያለ መንገድ፣ መንገድም ያለ ተሽከርካሪ ትርጉም እንደሌለው በዚህ ጉዞ በግልጽ ታይቷል።

3. ሙከራው ተተኪ ያላገኘበት ምክንያት

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ዋልድማየር በሊባኖስ ተቀምጦ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ ሆል በያፋ ሰፈረ። በጋፋት ሁለተኛ ሴባስቶፖል አልተሠራም። ለዚህ በርከት ያሉ ምክንያቶች ሊቀርቡ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ሥራው ደንበኛው አንድ፣ ዓላማውም አንድ ነበር። መድፉን የሚፈልገው ንጉሡ ብቻ ስለሆነ፣ ንጉሡ ሲያልፉ ሥራውን የሚያዝም ሆነ ዋጋውን የሚከፍል አልተገኘም። በጋፋት ምድጃ ማረሻ፣ መጥረቢያና የጋሪ ብረት ለገበያ ይወጣ ቢሆን ኖሮ ምድጃው በገበሬው ፍላጎት ሊቀጥል ይችል ነበር።

ሁለተኛ፣ የመሣሪያ እጥረት ነበር። ንጉሡ ተጨማሪ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲመጡላቸው በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ነበር። ባለሙያዎቹና መሣሪያው ምጽዋ ድረስ ቢመጡም፣ በእስረኞቹ ጉዳይ በተነሣው ጠብ ምክንያት ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ።

ሦስተኛውና ለትምህርት ሰዎች ዋናው፣ ኅብረተሰቡ ለእጅ ሙያ የነበረው አመለካከት ነው። በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው ለኑሮ እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ በስድብ ስም ይጠራ፣ በቡዳነት ይታማ፣ ከጋብቻም ይገለል ነበር። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ሙያ የሚያዋርድ ከሆነ፣ ሙያ የተማረ ወጣት ሙያውን የሚደብቅበት ወይም የሚተውበት ምክንያት አለው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ከጋፋት ሙከራ 40 ዓመት በኋላም ያልተወገደ እንደነበር ያመለክታል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ቤንትሌይ የተነዳው የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። መኪናው ሲመጣ ብረትን የሚያውቀው ሰው ገና ከስድብ ለመዳን አዋጅ ያስፈልገው ነበር።

4. ጋራዥ እንደ ትምህርት ቤት

ከዚያ ወዲህ የመኪና ዕውቀት በኢትዮጵያ የተስፋፋው በፋብሪካ ሳይሆን በጥገና በኩል ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተጠረጉት መንገዶችና ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ የሚጠራቸው የፊያት የጭነት መኪናዎች ለዚህ መነሻ ሆነዋል። የዚህ ታሪክ ምስክር ቋንቋው ነው። በደብረ ታቦርም ሆነ በሌላ ከተማ ባለ ጋራዥ መካኒኩ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ይላል፤ የመኪናውን አካል የሚያቃናው ባትላሜራ፣ ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ ይባላል። ሁሉም ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱ የተወሰዱት ከመኪና ሠሪ ሳይሆን ከመኪና ጠጋኝ መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። ሕዝቡ የመኪናን የውስጥ አካል ያወቀው ሲሰበርና ሲጠገን አይቶ ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ሂደት የተፋጠነው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቻይና እርዳታ በተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ነው። መንገዱ ከጣና ዳር ሜዳ ተነሥቶ፣ በደብረ ታቦር አልፎ፣ የጉናን ተራራ ግርጌ ይዞ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወሎ ይዘልቃል። ረጅም አቀበት ሞተርን ያግላል፣ ረጅም ቍልቍለት ፍሬንን ያቃጥላል። ስለዚህም በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች የመካኒክ፣ የበያጅና የጎሚስታ ሥራ ከመንገዱ ጋር አብሮ አደገ።

በጋራዥ ያለው ትምህርት ሥርዐት አለው። ለማጁ መጀመሪያ መፍቻ ያቀብላል፣ ዕቃ በጋዝ ያጥባል፣ ቀጥሎ ቦሎኒ ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሞተር እንዲከፍት ይፈቀድለታል። ይህ ትምህርት እጅን ያሠለጥናል፤ ስሕተት ዋጋ እንዳለውም ያስተምራል። ጕድለቱ «ለምን» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ አለማግኘቱ ነው። ለማጁ ኩሽኔታ መቼ እንደሚለወጥ ያውቃል፤ የብረቱን ጥንካሬ፣ የቅባቱን ባሕርይ፣ የልኩን ትክክለኛነት ግን የሚያስረዳው የለም። በአንጻሩ የመደበኛው ትምህርት ቤት ተማሪ የሰበቃን ሕግ በቃሉ ይወጣል፤ ኩሽኔታ ግን በእጁ ይዞ ላያውቅ ይችላል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሳይገናኙ ይኖራሉ።

5. መገጣጠምና መሥራት

አንድ መኪና እያንዳንዱ ቦሎኒ ሲቈጠር ወደ 30,000 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት። አንድ አገር እነዚህን ክፍሎች በምን ሁኔታ እንደሚያስገባ መመልከት ኢንዱስትሪው ያለበትን ደረጃ ያሳያል።

ሀ/ ያለቀለት መኪና ማስገባት፤ በዚህ ደረጃ በአገር ውስጥ የሚቀረው የንግድና የጥገና ሥራ ነው።
ለ/ በከፊል የተገጣጠመውን አስገብቶ መጨረስ፤ ሠራተኛው ጎማ፣ ወንበርና የመሳሰለውን ይገጥማል።
ሐ/ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ የመጣውን መገጣጠም፤ ብየዳ፣ ቀለም ቅብና ፍተሻ ስለሚያስፈልጉ የሙያው ዓይነት ይሰፋል።
መ/ ክፍሎችን በአገር ውስጥ መሥራት፤ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ባትሪ፣ ወንበር፣ መስተዋት፣ የጭነት አካል የሚሠሩ ሌሎች ፋብሪካዎች ይወለዳሉ።
ሠ/ የራስን ንድፍ ማውጣት፤ ይህ የምርምርና የምሕንድስና ደረጃ ነው።

ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሸጋገር በራሱ የሚመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ከፊያት ጋር በተደረገ ስምምነት የጭነት መኪናዎችን የሚገጣጥመው አምቼ በ1962/63 ዓ.ም. ተቋቋመ። የአዲስ ጎማ ፋብሪካም የተተከለው በዚያው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። የናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሥራ ጀመረ። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ በሞጆ የቤት መኪናዎችን ገጣጥሞ ዐባይና ተከዜ በሚሉ የወንዞች ስም ለገበያ ቢያቀርብም ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም። በዱከም የቻይናው ሊፋን፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ማራቶን ሞተር የሂዩንዳይ መኪናዎችን መገጣጠም ጀመሩ። በቢሾፍቱ የተገጣጠሙ አውቶቡሶችም በዋና ከተማዪቱ ጐዳናዎች አገልግለዋል።

ከዚህ ዝርዝር የሚታየው ነገር የመጀመር ችግር አለመኖሩ ነው። ችግሩ ከሦስተኛው ደረጃ ወደ አራተኛው በመሸጋገር ላይ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ሊገባ የሚችል ነው። በ2012 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ የተመዘገቡት ተሽከርካሪዎች 1.2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። እነዚህም ብዙ የስም ዓይነት ያላቸው ስለሆኑ ለአንዱ ዓይነት የሚያስፈልገው መለዋወጫ ብዛት አንድ ፋብሪካ ለማቆም አይበቃም። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥርም የሚገጣጠመው ዕቃ ሳይመጣ ይቀርና ሠራተኛው ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ የሠለጠነ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ሙያውም ይበተናል። የጋፋት ታሪክ በትንሹ የሚደገመው እዚህ ላይ ነው።

6. የሌሎች አገሮች ልምድ

ብራዚል በ1956 (እ.ኤ.አ.) የመኪና ኢንዱስትሪን የሚመራ ልዩ አካል አቋቁማ፣ በአገሯ መሥራት የሚፈልጉ የውጭ ኩባንያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነውን የመኪናውን ክብደት ከአገር ውስጥ ክፍሎች እንዲሠሩ አስገደደች። የደቡብ ኮሪያው ሂዩንዳይ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ተቋቁሞ በሚቀጥለው ዓመት የፎርድን መኪና በመገጣጠም ጀመረ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በ1975 ፖኒ የተባለውን የራሱን መኪና አወጣ። የፖኒ ቅርጽ የኢጣሊያዊ፣ ሞተሩ የጃፓን ንድፍ ነበር። የኮሪያውያኑ ድርሻ ሁሉን ለብቻ መፈልሰፍ ሳይሆን፣ ከየቦታው የተገኘውን ዕውቀት የሚያዋሕዱ የራሳቸውን መሐንዲሶችና ሠራተኞች ማፍራት ነበር። ሕንድም ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማሩቲ ከጃፓኑ ሱዙኪ ጋር ባመረተው ትንሽ መኪና አማካይነት በፋብሪካው ዙሪያ መለዋወጫ የሚሠሩ በርካታ ድርጅቶችን ማፍራት ችላለች።

ሦስቱ አገሮች የተለያየ መንገድ ቢከተሉም በሁለት ነገሮች ይመሳሰላሉ። መገጣጠምን እንደ መድረሻ ሳይሆን የጊዜ ገደብ እንዳለው መማሪያ ቈጥረውታል፤ ክፍል የሚሠሩትን ትንንሽ ድርጅቶችም ከዋናው ፋብሪካ እኩል አስበውላቸዋል።

7. የኤሌክትሪክ መኪና ያመጣው ለውጥ

በ2014 ዓ.ም. በወጣው የቀረጥ አመዳደብ መሠረት ያለቀላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታተው የሚገቡት ግን ከቀረጥ ነጻ እንዲሆኑ ተወሰነ። አመዳደቡ ከላይ የተዘረዘሩትን ደረጃዎች የተከተለና ሥራው ወደ አገር ውስጥ እንዲገባ የሚያበረታታ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የነዳጅ የውጭ ምንዛሪ ወጪን መቀነስና ከውሃ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ መጠቀም የእርምጃው ዋና ምክንያቶች ናቸው።

ይህ ውሳኔ ለደብረ ታቦር ጋራዥ ምን ማለት እንደሆነ በጥሞና መታሰብ አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ካምቢዮው ቀላል ነው፤ የሚከፈት ሲሊንደር፣ የሚለወጥ የሞተር ዘይት የለውም። በምትኩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪና በኮምፒውተር የሚመራ መቈጣጠሪያ አለው። ያለ ሥልጠና የሚነካው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በሁለት ትውልድ በእጅ ንክኪ የተከማቸው የመካኒክ ዕውቀት ከፊሉ ዋጋ የሚያጣበት ዘመን እየመጣ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ኩሽኔታና የአካል ሥራ ግን ይቀራሉ። ነባሮቹ የናፍጣ መኪናዎችም ለብዙ ዓመታት በጉና አቀበት መመላለሳቸው አይቀርም። ስለሆነም ሁለቱን ሙያዎች ጎን ለጎን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ጋራዡ ብቻውን ሊያፈራው አይችልም።

8. ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች የሚጠቅሙ ነጥቦች

የቴክኒክ ትምህርት በአገሪቱ መሠረት የሌለው አይደለም። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተቋቁመዋል፤ ደብረ ታቦርም ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የጎደለው በተቋማቱ፣ በጋራዡና በፋብሪካው መካከል ያለው መተላለፊያ ነው።

በመጀመሪያ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር የተጣለ ኩሽኔታ፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ያረጀ ባትሪ ወደ ክፍል ቢያመጣ በትንሽ ወጪ ብዙ ማስተማር ይችላል። ባሌስትራው የተሰበረበት ቦታ ስለ ብረት ድካም ከሥዕል የበለጠ ይናገራል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ልምድ ያላቸው መካኒኮች ያላቸው ዕውቀት ተመዝኖ የሚታወቅበት፣ የጎደላቸውንም ንድፈ ሐሳብና የኤሌክትሪክ ደኅንነት በማታ ትምህርት የሚያሟሉበት መንገድ ቢዘረጋ ጠቃሚ ነው። እነዚህ ሰዎች ለማጆችን የሚያሠለጥኑ ስለሆኑ ለአንዱ የተሰጠ ትምህርት ለብዙዎች ይደርሳል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከውጭ ኩባንያ ጋር የሚደረግ የመገጣጠሚያ ስምምነት የሚመዘነው በመኪናው ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። በስንት ዓመት ውስጥ የትኛው ክፍል በአገር ውስጥ እንደሚሠራ፣ ስንት ሠልጣኝ እንደሚቀበልና ሠልጣኙ ከየት ከተማ እንደሚመጣ በስምምነቱ ውስጥ ሊገለጽ ይገባዋል። የክፍለ ሀገሩ ወጣት ከዋናው ከተማ ፋብሪካ ተምሮ በአገሩ ትንሽ የመለዋወጫ ሥራ ቢከፍት ኢንዱስትሪው ሥር ሰደደ ይባላል።

በመጨረሻም የሙያ ክብር ጉዳይ አለ። ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ወደ ቀለም ትምህርት፣ የወደቀው ወደ ሙያ ይመደብ የሚለው ልማድ የቀድሞውን የቀጥቃጭ ስድብ በሌላ መልክ ያስቀጥላል። ይህን ልማድ ለመለወጥ አዋጅ ብቻ በቂ አለመሆኑ ታይቷል፤ የመምህሩ ቃልና የአመዳደቡ ሥርዐት ይበልጥ ይሠራሉ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። በየዓመቱ ተማሪዎች ስለ ክብደቱና ስለ ንጉሡ ቈራጥነት ይማራሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ተማሪዎቹን ወደ ጋፋት ኮረብታ የሚወስድ መምህር ግን አንድ ጥያቄ ቢጨምር ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል፦ በምድጃው አጠገብ ቆመው ወናፍ የነፉት፣ ቅርጹን የጠፈጠፉት፣ ጋሪውን የገጠሙት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከመቅደላ በኋላ ሙያቸውን ለማን አስተማሩ? ነገ በሚተከለው መገጣጠሚያ ፋብሪካ ለሚሠለጥነው ወጣት ይኸው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ዕቅዱ ሲወጣ ነው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ቢነሣ የሚጠቅመው የለም።